የመጀመሪያው የሰርፊንግ ትምህርት፦ ከራያ ቆላ ወደ ውቅያኖስ ዳርቻ ለሚሄድ ዕረፍተኛ

ሰርፊንግ ወደ ዳርቻ በሚገሰግስ ሞገድ ላይ በሰሌዳ ቆሞ መንሸራተት ነው። ሞተርም ሸራም የለውም፤ ሰውየውን የሚወስደው ሞገዱ ራሱ ነው። ከሃዋይ ደሴቶች ተነስቶ በዓለም የተሰራጨው ይህ ስፖርት በቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሜዳሊያ ውድድር ሆኗል። ሞገድ ባለባቸው የዕረፍት ከተሞች ጀማሪን የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የተለመደው የመጀመሪያ ትምህርት ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በራያ ቆላ ካለችው ከቆቦ ከተማ ለሚነሳ ሰው ግን ትምህርቱ የሚጀምረው አሸዋው ላይ ሳይሆን ከወራት በፊት፣ አገር ቤት ሳለ ነው።

1. ተስማሚውን ዳርቻ መምረጥ

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በላስታ ደጋና በዞብል ተራሮች መካከል በተዘረጋው ሜዳ ላይ ትገኛለች። በቀጥታ መስመር ቢለካ ቀይ ባሕር ከከተማዋ የሚርቀው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቅርበት ግን ለሰርፊንግ አይጠቅምም። ጥሩ ሞገድ የሚወለደው ብርቱ ነፋስ በሰፊ ውሃ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲነፍስ ነው፤ የነፋሱ ፍጥነት፣ የነፈሰበት ጊዜና የሸፈነው የውሃ ስፋት ሦስቱም መሟላት አለባቸው። ቀይ ባሕር ጠባብ ስለሆነ ሦስተኛው ይጎድለዋል። ኤርትራ ከመለየቷ በፊት ብዙ ኢትዮጵያውያን ለዕረፍት ይወርዱበት የነበረው የምጽዋው ጉርጉሱምም ሆነ የጅቡቲው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ለዋና ይመቻሉ፤ ለሰርፊንግ ግን አይሆኑም። ሐሸንጌና ላንጋኖን የመሰሉ ሐይቆችም በነፋስ ቢናወጡ ሞገዳቸው አጭርና የተቆራረጠ ነው።

ስለዚህ መሄድ የሚያስፈልገው ወደ ክፍት ውቅያኖስ ነው። ከኢትዮጵያ ሊደረስባቸው ከሚችሉት መካከል አራቱን ማወዳደር ይበቃል።

የኬንያ ዳርቻ፣ ማለትም ሞምባሳና ዲያኒ፣ ቅርብና ሞቃት ነው። ነገር ግን አብዛኛው ከኮራል ሪፍ (በውሃ ሥር ካለ የኮራል ድንጋይ አጥር) ጀርባ የተከለለ በመሆኑ ሞገዱ ርቆ ሪፉ ላይ ይሰበራል፤ ወደ አሸዋው የሚደርሰው ረጋ ያለ ውሃ ነው። እዚያ ለሚሄድ ሰው ዋናና በነፋስ ሸራ የሚጎተተው ካይት ሰርፊንግ ይበልጥ ይገኛሉ።

የሴኔጋሏ ዳካር በሰርፊንግ ስሟ የታወቀ ነው። ንጎር ደሴት ላይ የሚሰበረው ሞገድ እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣ ዝነኛ የሰርፊንግ ፊልም ላይ ታይቷል። ሆኖም በንጎር ከሥሩ ያለው ድንጋይና እሾሃማ የባሕር እንስሳ ስለሆነ ለጀማሪ የሚመረጠው አሸዋማው የዮፍ ዳርቻ ነው።

ደርባን የሕንድ ውቅያኖስን ሞቃት ውሃ ይዛለች። በከተማዋ ዳርቻዎች ፊት ለፊት ከሻርክ የሚከላከል መረብ የተዘረጋው እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ነው።

ከሁሉም ለጀማሪ የሚስማማው በኬፕታውን የሚገኘው ሙዘንበርግ ነው። ከመሃል ከተማው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ደማቅ ቀለም በተቀቡ የእንጨት ጎጆዎቹ ይታወቃል። ታችኛው አሸዋ ነው፤ ዳርቻው ቀስ በቀስ ይጠልቃል፤ ስለዚህ ሞገዱ ተገልብጦ ከመውደቅ ይልቅ ከላይ እየፈሰሰ ይሰበራል። የወንጀል ልብወለድ ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1922 ሰርፊንግ የሞከረችው እዚሁ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሙዘንበርግን መነሻ ያደርጋል፤ መሠረቱ ግን በየትኛውም አሸዋማ ዳርቻ ይሠራል።

2. ወቅቱንና ሰነዱን ማስተካከል

የደቡብ ንፍቀ ክበብ ወቅት ከኢትዮጵያ ጋር አይገጥምም። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ በኬፕታውን በጋ ሲሆን የሙዘንበርግ ውሃ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሆናል። ራያ ክረምት ሲገባ እዚያ ቅዝቃዜ ነው፤ ውሃውም ወደ 14 ዲግሪ ይወርዳል። የማሽላ አጨዳውን ጨርሶ ለሚወጣ ሰው ጥርና የካቲት ይመቹታል።

በበጋ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሳው ብርቱ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ያይልና ሞገዱን ይበታትነዋል። ስለዚህ ትምህርቱ ለጠዋት ቢያዝ ይመረጣል። ቀጠሮ ሲያዝ ሁለት ነገሮች ያደናግራሉ፦ ቀኑ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱም እንደዚያው። በደረሰኝ ላይ 9፡00 ተብሎ የተጻፈው በኢትዮጵያ አነጋገር ጠዋት 3 ሰዓት ነው። የደቡብ አፍሪካ ሰዓትም ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስልክ በራሱ ካልተስተካከለ ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።

ለደቡብ አፍሪካ ኢትዮጵያዊ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ማመልከቻው ጊዜ ስለሚወስድ ከወራት በፊት መጀመር አለበት። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀትም ይጠየቃል። ወረቀቱ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በጉዞው ዋዜማ መከተብ ዋጋ የለውም። ቆቦ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በወልድያና በደሴ በኩል በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው ከበረራው በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ቢያርፍ መንገዱ ቢዘገይ እንኳ አውሮፕላን አያመልጠውም።

3. አገር ቤት ሳሉ ዋና መማር

የሰርፊንግ ሰሌዳ ሰው ይዞ ይንሳፈፋል፤ ይህ ግን ዋና አለማወቅን አይሸፍንም። ሰሌዳ ከእጅ ያመልጣል፤ ሰሌዳውን ከእግር ጋር የሚያስረው ገመድም ሊበጠስ ይችላል። ወደ ትምህርቱ የሚገባ ሰው ቢያንስ አራት ነገሮች ሊኖሩት ይገባል፦ 50 ሜትር ሳያቋርጥ መዋኘት፣ በጀርባ ተንጋሎ ለጥቂት ደቂቃ መንሳፈፍ፣ እግር መሬት ሳይነካ በቦታ መቆየት፣ ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሳይደናገጡ ትንፋሽ ማስወጣት። ከአራቱ አስፈላጊው የመጨረሻው ነው፤ ጀማሪ በተደጋጋሚ የሚወድቀው በአፍንጫው ውሃ እየገባ ነውና።

የቆቦ ወንዞች ለዚህ አይሆኑም። እንደ ሆርማት ያሉት አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ሆነው ይከርማሉ፤ ውሃ ሲሞሉም ከደጋው የወረደ ጎርፍ ነው፤ ጎርፍ ደግሞ ግንድና ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ጠባቂና አሰልጣኝ ያለበት ገንዳ ያስፈልጋል። በአዳማ አቅራቢያ ያለው ሶደሬ በፍል ውሃ ገንዳዎቹ የታወቀ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥም ትላልቅ ሆቴሎች ገንዳ አላቸው። በገንዳ የለመደ ሰው ቀጥሎ ክፍት ውሃ ቢሞክር ይጠቅመዋል፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ከቢልሃርዝያ ነጻ በመሆኑ ለዋና የሚመረጠው ላንጋኖ ነው። ውሃው ቡናማና ታቹ የማይታይ በመሆኑም ሥሩ ከማይታይ ውሃ ጋር ያለማምዳል።

4. ሰውነትን ማዘጋጀት

ሰርፊንግ የሚያደክመው እግርን ሳይሆን ትከሻን፣ ክንድንና ወገብን ነው፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በሆድ ተኝቶ በእጅ በመቅዘፍ ነው። ከጉዞው አንድ ወር በፊት ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት ፑሽአፕ መሥራት፣ በሆድ ተኝቶ ደረትን ቀና አድርጎ መቆየትና ቁጭ ብድግ ማለት በቂ ነው።

ዋናው የአነሳስ እንቅስቃሴም እቤት ይለመዳል። ግቢ ውስጥ ሰሌን ይነጠፋል። በሆድ ይተኛሉ፤ መዳፎች ከጎድን አጥንት አጠገብ ሰሌኑ ላይ ያርፋሉ፤ እይታ ወደ ፊት ይሆናል። ከዚያ በአንድ ጊዜ ደረትን በእጅ ገፍቶ በማንሳት የፊተኛውን እግር በሁለቱ እጆች መካከል ማሳረፍ፣ ወዲያው ጉልበትን አጥፎ መቆም ነው። የኋላ እግር ወደ ጎን ይዞራል፤ ሁለቱ እግሮች ከትከሻ ስፋት ትንሽ ይሰፋሉ። የብዙ ጀማሪዎች ስህተት በጉልበት ተንበርክኮ መነሳት ነው፤ ሰሌን ላይ ያላስቸገረው መንበርከክ ውሃ ላይ ሚዛን ያሳጣል።

የትኛው እግር ከፊት እንደሚሆን ለማወቅ ቀጥ ብሎ የቆመን ሰው ሌላው ሳያስታውቅ ከጀርባው ቀስ ብሎ ይግፋው። ሳያስብ ወደ ፊት የሚዘረጋው እግር አብዛኛውን ጊዜ የፊት እግሩ ነው። ግራም ቀኝም ቢሆን ልዩነት የለውም፤ ለአሰልጣኙ መንገር ብቻ ይበቃል።

5. ትምህርት ቤቱን መመርመር

ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። አሰልጣኙ ከዓለም አቀፉ የሰርፊንግ ማኅበር ወይም ከአገሪቱ ፌዴሬሽን የምስክር ወረቀት አለው? የነፍስ አድንና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ወስዷል? ለአንድ አሰልጣኝ ስንት ተማሪ ይደርሳል? ከስምንት በላይ ከሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል፤ ውሃ ለሚፈራ ሰው ደግሞ የግል ትምህርት ይመረጣል። አሰልጣኙ ውሃ ውስጥ አብሮ ይገባል ወይስ ከዳር ሆኖ ይጮኻል? አብሮ የማይገባ ከሆነ ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። ዋጋው ሰሌዳውንና ልብሱን ይጨምራል?

ለጀማሪ የሚሰጠው ሰሌዳ ላዩ ስፖንጅ የሆነ፣ ከ2.4 እስከ 2.7 ሜትር ርዝመት ያለው መሆን አለበት። ረጅምና ወፍራም ሰሌዳ በቀላሉ ይንሳፈፋል፣ አይወላገድም፣ ሰው ቢመታም ጉዳቱ ያነሰ ነው። አጭሩና ጠንካራው የባለሙያ ሰሌዳ መልኩ ቢያማልልም ለጀማሪ ከጉዳት በቀር ትርፍ የለውም።

የዋና ችሎታ ማነስ፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ እርግዝና ወይም ከዚህ በፊት የወለቀ ትከሻ ካለ በሚሞላው ቅጽ ላይ ሳይደበቅ መጻፍ አለበት። ከአሰልጣኙ ጋር በእንግሊዝኛ መግባባት የሚከብደው ሰው ቢያንስ ሦስት የእጅ ምልክቶችን አስቀድሞ ይስማማ፦ ደህና ነኝ፣ እርዳታ እፈልጋለሁ፣ ወደ ዳር ውጣ።

6. የትምህርቱ ቀን ማለዳ

ቁርስ ከትምህርቱ ሁለት ሰዓት ያህል በፊት፣ ቀለል ያለ ይሁን። በባዶ ሆድ መግባት ጉልበት ይነሳል፤ ጥግብ ብሎ መግባትም በሆድ መተኛትን ያከብዳል። በሑዳዴም ሆነ በረመዳን የሚጾም ሰው ጉዞውን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ቢያደርገው የተሻለ ነው፤ ሳይበሉና ሳይጠጡ ሁለት ሰዓት ከሞገድ ጋር መታገል አደጋ አለው።

ዌትሱት የሚባለው ጥብቅ የላስቲክ ልብስ በሰውነትና በጨርቁ መካከል ስስ የውሃ ሽፋን ይይዛል፤ ያንን ውሃ የሰውነት ሙቀት ያሞቀዋል። ስለዚህ ልብሱ ልክ መሆን አለበት፤ ከሰፋ ቀዝቃዛ ውሃ እየገባ ይወጣል። ዚፑ ከጀርባ ነው፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያ ቀን ገልብጦ ይለብሰዋል። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ስለሚሸፍን ገላን መሸፈን ለምትፈልግ ሴትም ይስማማል፤ ከላይ ሰፋ ያለ ከነቴራ መደረብ፣ ከዋና ልብስ ጨርቅ የተሠራ የጸጉር መሸፈኛ ማሰርም ይቻላል። ሹሩባ ከኋላ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። ቀለበት፣ የጆሮ ጌጥና ድሪ ይወልቃሉ፤ የአንገት ማተብ ከልብሱ ሥር ይገባል።

ቫዝሊን የሚጠቅመው ልብሱ ቆዳን እንዳይፍቅ ነው እንጂ ለፀሐይ አይሆንም። ውሃው ፀሐይን ስለሚያንጸባርቅ ጠይም ቆዳም ይቃጠላል፤ በፊት፣ በአንገትና በእግር ላይኛ ክፍል የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይቀባል።

ወደ ውሃ ከመግባት በፊት ባንዲራ ይታያል። በሙዘንበርግ ከተራራው ላይ ሆነው ሻርክ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። አረንጓዴ ባንዲራ ውሃው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ሻርክም አልታየም ማለት ነው። ጥቁር ከሆነ ውሃው በደንብ አይታይም። ቀይ ከሆነ ከፍተኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነጭ ባንዲራ ከጥቁር የሻርክ ሥዕል ጋር ሲወጣና ሳይረን ሲጮህ ሁሉም ወዲያው ከውሃ ይወጣል። በእነዚህ ላይ ክርክር የለም።

7. አሸዋ ላይ የሚሰጠው ትምህርት

አሰልጣኙ በመጀመሪያ የሰሌዳውን ክፍሎች ያሳያል፦ ወደ ላይ ቀና ያለው አፍንጫ፣ ጅራቱ፣ ከሥር ያሉት ክንፎችና የእግር ገመዱ። ገመዱ ከኋላ እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰራል። እጅ ላይ መጠምጠም ክልክል ነው፤ ሞገድ ሰሌዳውን ሲጎትተው ጣት ሊሰብር ይችላል።

ከዚያ እቤት ሰሌን ላይ የተለመደው አነሳስ አሸዋ ላይ ይደገማል። ትክክለኛው የመተኛ ቦታ የሚታወቀው ሰሌዳው ውሃ ላይ ሲሆን አፍንጫው ጥቂት ጣት ያህል ከውሃ በላይ ሲታይ ነው። ወደ ፊት ከበዛ አፍንጫው ጠልቆ ተማሪውን ይገለብጠዋል፤ ወደ ኋላ ከበዛ ሰሌዳው አይሄድም።

8. ውሃ ውስጥ

የመጀመሪያው ቀን ልምምድ የሚሆነው ወገብ በሚደርስ ውሃ ነው። ሞገድ የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት ከሞገዱ ቁመት 1.3 እጥፍ ገደማ ሲሆን ነው፤ ከተሰበረ በኋላ ወደ ዳር የሚሮጠው ነጭ አረፋ ለጀማሪ ይበቃል። ያልተሰበረውን አረንጓዴ ሞገድ መያዝ የሌላ ቀን ሥራ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባ ሰሌዳው በጎን ይያዛል፤ አፍንጫው ወደ ሞገዱ ይዞራል። ሰሌዳን በሰውነትና በሚመጣ ሞገድ መካከል አግድም ማስቀመጥ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው፤ ሞገዱ ሰሌዳውን ሆድ ወይም ፊት ላይ ያሳርፈዋል።

ቦታው ላይ ሲደረስ ሰሌዳው ወደ ዳርቻው ይዞራል፤ ተማሪው ይተኛል፤ አረፋው ሊደርስ ጥቂት ሜትር ሲቀረው መቅዘፍ ይጀምራል። ለመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ሳይነሱ በሆድ እንደተኙ እስከ ዳር መሄድ ይመከራል። ሰሌዳው ሲፈጥንና ሲረጋጋ ያለው ስሜት በዚህ ይታወቃል። ቀጥሎ በክንድ ቀና ማለት፣ ከዚያ በኋላ መቆም ነው። የቆመ ሰው ዓይኑን ወደ ዳርቻው ይተክላል፤ እግሩን ያየ ይወድቃል። ጉልበት ታጥፎ፣ እጅ ላላ ብሎ ይቆያል።

ከፊት ሰው ካለ ሰሌዳውን አቅጣጫ ማስቀየር ለማይችል ጀማሪ መፍትሔው ሞገዱን መተው ነው። አንድ ሞገድ ላይ ቀድሞ የተነሳ ሰው ካለ ሌላው አይገባበትም፤ ይህ በየትኛውም አገር ዳርቻ የተከበረ ሕግ ነው።

9. አወዳደቅና ከጅረት አወጣጥ

የመጀመሪያው ትምህርት አብዛኛው መውደቅ ነው፤ ስለዚህ አወዳደቅ እንደ አነሳሱ ይማራሉ። ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ፣ በመቀመጫ ወይም በጀርባ ጠፍጠፍ ብሎ መውደቅ ይገባል። ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ በራስ ጠልቆ መውደቅ አንገት ሊሰብር ይችላል። ውሃ ውስጥ ሆኖ በሁለት ክንድ ራስን መሸፈን፣ ሲወጡም አንድ እጅን ከራስ በላይ አስቀድሞ ማውጣት ከሰሌዳው ምት ያድናል።

ትልቁ አደጋ ሻርክ አይደለም፤ ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ነው። ሞገድ ወደ ዳር ያመጣው ውሃ በአንድ ጠባብ መንገድ ወደ ውቅያኖሱ ሲመለስ ይፈጠራል። ከዳር ሲታይ ሞገድ የማይሰበርበት፣ ጠቆር ያለና የተረጋጋ የሚመስል ሰርጥ ነው፤ ጀማሪን የሚያታልለውም ይህ ጸጥታው ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ጅረት ውስጥ የገባ ሰው ወደ ዳር ፊት ለፊት አይታገል፤ ብርቱ ዋናተኛም አያሸንፈውም። የራያ ገበሬ ጎርፍን ፊት ለፊት ሳይገጥም በጠለፋ ወደ ጎን እንደሚወስደው ሁሉ፣ ከጅረቱም የሚወጣው ከዳርቻው ጎን ለጎን በመቅዘፍ ነው። ሞገድ ወደሚሰበርበት ሲደረስ አረፋው ራሱ ወደ ዳር ይመልሳል። ጉልበት ያለቀበት ሰው ሰሌዳው ላይ ተኝቶ አንድ እጁን ወደ ላይ ያውለበልብና አሰልጣኙን ይጠብቃል። በምንም ምክንያት ሰሌዳ አይጣልም።

10. ከውሃ ሲወጡ

መንቀጥቀጥ ወይም የከንፈር መጥቆር ከታየ ትምህርቱ ባያልቅም ይወጣል። ሰውነት በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ጆሮ ይደርቃል፤ ውሃ በብዛት ይጠጣል። በማግሥቱ ትከሻና ጎድን መታመም የተለመደ ነው፤ ሁለተኛ ትምህርት የሚያዘው አንድ ቀን ካረፉ በኋላ ቢሆን ይሻላል። በደቡብ አፍሪካ ዳርቻዎች ሰማያዊ ፊኛ የመሰለ ተናዳፊ የባሕር እንስሳ አልፎ አልፎ ይወጣል፤ አሸዋ ላይ ሞቶ ቢገኝም አይነካም።

የመጀመሪያው ቀን የሚመዘነው በመቆም ብዛት አይደለም። ተማሪው ሰሌዳውን መቆጣጠር፣ ሳይጎዳ መውደቅ፣ ጅረቱን ከዳር ሆኖ መለየትና በራሱ ጉልበት መመለስ ከቻለ ትምህርቱ ተሳክቷል፤ መቆሙ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይመጣል። ዋና ያልተማረ ሰው ግን ትኬት ቢቆርጥም ቪዛ ቢያገኝም ሰሌዳ ከመከራየቱ በፊት ወደ ገንዳ ይመለስ።